ማሞግራሙ «ንጹህ ነው» ብሎ እባጩ ግን በእጅ ከተዳሰሰ

አብሽሪ እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። ታላቅሽ 38 ዓመቷ ነው፤ ከሐይቅ ደሴ መጥታ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ተነስታ ወረቀቱ ላይ «ዴንሲቲ ሲ፣ ባይራድስ 1» (የጡቱ እፍጋት ሲ፣ የምስሉ ውጤት 1) ተጽፎላታል። ግራ ጡቷ ላይ ወደ ብብት በኩል ያለው እባጭ ግን አሁንም ይዳሰሳል። «ወደ ቤት እንመለስ ወይ?» ነው ያልሽው። አትመለሱ። አልትራሳውንድ ሳትነሳ ከደሴ እንዳትወጡ።

ማሞግራም ላይ ስብ ጠቆር ይላል፤ የወተት እጢውና ደጋፊው ጅማታም ሥጋ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ችግሩ ካንሰርም ነጭ መሆኑ ነው። ነጩ በበዛበት ጡት ውስጥ ያለ እባጭ ነጠላ ላይ እንደወደቀ ብጫቂ ጥጥ ነው፣ ዓይን ያልፈዋል። ስብ በሚበዛበት ጡት ማሞግራም ከ10 ካንሰር 8 ወይም 9 ያገኛል፤ ነጩ እጅግ በበዛበት፣ ጥቅጥቅ ባለው ጡት ግን ወደ 6 ገደማ ይወርዳል።

ፊደሉንና ቁጥሩን አታደባልቁ። ከኤ እስከ ዲ ያለው ፊደል የጡቱን እፍጋት ነው የሚናገረው፤ በሽታ አይደለም፣ ወጣት ሴቶች ላይ የተለመደ ነው። በእጅ ዳሰሳም አይታወቅም፣ ጠንከር ያለ ጡት ሁሉ ጥቅጥቅ አይደለም። ቁጥሩ ግን ምስሉ ላይ የታየውን ይገልጻል፦ 1 ምንም አልታየም፣ 3 በ6 ወር ይደገም፣ 4 እና 5 ናሙና ይወሰድ። 0 ከተጻፈ ደግሞ ምስሉ አልበቃም፣ ተጨማሪ ይነሳ ማለት ነው እንጂ «ደህና ነሽ» ማለት አይደለም።

አልትራሳውንድ ላይ የወተት እጢው ነጣ ሲል ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ጠቆር ስለሚል ይለያል። ስትገባ እባጩን በጣቷ ነክታ ታሳያቸው። ማዘዣው ላይም ቦታው ይጻፍ፦ ግራ ጡት፣ 2 ሰዓት ላይ፣ ከጡት ጫፍ ይህን ያህል ሳንቲሜትር። (ጡቱ እንደ ግድግዳ ሰዓት ታስቦ፣ ሰዓቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ያለበት ቦታ ማለት ነው፤ እኛ 8 ሰዓት የምንለው አይደለም።) አልትራሳውንዱም ምንም ሳያሳይ እባጩ ጠንካራና የማይንቀሳቀስ ከሆነ በመርፌ ናሙና ይወሰድ። ቀጭኑ መርፌ ሴል ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ወፍራሙ ቁራጭ ሥጋ ስለሚያወጣ ለፓቶሎጂስቱ (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ለሚመረምረው ሐኪም) የበለጠ ይነግረዋል።

ማሞግራሙ ይደገም ከተባለ የአካል ሁኔታም ምስሉን እንደሚያበላሽ እወቁ። መደበኛው 4 ምስል ነው፣ ለእያንዳንዱ ጡት 2። ትልቅ ጡት በማሽኑ ሳህን ላይ በአንዴ ሙሉውን ካልገባ ተጨማሪ ይነሳ። ትንሽ ጡት ላይ ደግሞ ወደ ደረት ያለው ክፍል ከውጭ ይቀራል፤ ባለሙያዋ ከሥር አንስታ ወደ ፊት መሳብ አለባት። ሰያፍ በሚነሳው ምስል የደረት ጡንቻው እስከ ጡት ጫፍ ትይዩ ካልወረደ ከኋላ የቀረ ነገር ሊኖር ይችላል። ጡቱ በማሽኑ ሳህኖች መሃል ሲጫን ያማል፣ ግን ሳይጫን ከተነሳ ምስሉ ይደበዝዛል። ማተብ፣ ክታብና የወረደ ሹሩባ ከፊት ይነሱ። ዲዮድራንትና ፓውደር የካልሲየም ነጠብጣብ ይመስላሉ፣ የዚያን ቀን አትቀባ። የምታጠባ ከሆነ ልክ ከመነሳቷ በፊት ልጇን ጡት ታጥባ። ያለ እባጭ ለሚመረመሩ የወር አበባ ከጀመረ ከ7ኛው እስከ 10ኛው ቀን ይመረጣል፤ እህትሽ ግን እሱን ብላ አትቆይ።

ስትወጡ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ምስሉን በሲዲ ተቀበሉ። ወደ አዲስ አበባ ብትላክም ሆነ በሚቀጥለው ዓመት ብትነሳ አዲሱ የሚነበበው ከእሱ ጋር ተነጻጽሮ ነው።