ወተቱ ከማሞቂያው በኋላ የሚበላሸው የት ነው?

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ላይ በማኅበር ተደራጅተን ወተት በፓስቸራይዘር አሙቀን እንሸጣለን። መስመሩን በየቀኑ በሶዳና በሙቅ ውኃ እናጥባለን። ወተቱ ግን በማግስቱ ይኮመጥጣል፣ የፓምፑ ጎማም አብጦ ያንጠባጥባል። ምን እንቀይር?

መልስ፦ የምታጥቡበትን ሶዳ ከአሁኑ በላይ አታብዙ። ወተቱን በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ በትክክል ካሞቃችሁት፣ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ያለው ወተቱ ከዚያ በኋላ በሚያልፍባቸው ዕቃዎች ላይ ነው።

ከማሞቂያው ቀጥሎ ያለውን ቫልቭ ፍቱት። ኳስ ያለው ዓይነት ከሆነ፣ ኳሱን አውጥታችሁ የተቀመጠበትን ቤት በጣታችሁ ዳስሱ፤ የሚያሟልጭ ቢጫ ነገር ታገኛላችሁ። ቫልቩ በተዘጋ ቁጥር በኳሱና በቤቱ መካከል ጥቂት ወተት ይቀራል፤ በመስመሩ የምትለቁት የእጥበት ውኃ ደግሞ እዚያ አይደርስም። ለመስኖ ውኃ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ለወተት ግን እኔ አልገጥመውም። በቦታው በክላምፕ (ያለ ጥርስ ዙሪያውን በሚያጠብቅ ማሰሪያ) የሚታሰር የቢራቢሮ ቫልቭ፣ ማለትም በውስጡ በሚዞር ሳህን የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ አስገቡ። ጥርስ ያላቸውን መጋጠሚያዎችም እንዲሁ በክላምፕ ቀይሯቸው፤ በጥርሱና እንዳያፈስ በተጠቀለለበት የቴፍሎን ፕላስተር መካከል የገባ ወተት በምንም እጥበት አይወጣም።

ወደ ጎማው ስንመጣ፣ ክሬም በዚያው ፓምፕ ታሳልፋላችሁ? ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ሙቅ ውኃንና ሶዳን በደንብ ይችላል፣ ስብ ሲበዛበት ግን ያብጣል። ለምግብ የተፈቀደ፣ ስብ የሚችለውን ናይትራይል ጎማ ግዙ፤ ሻጩንም ማረጋገጫ ወረቀቱን ጠይቁት። ከካላማዳሪ ተቆርጦ የተሠራ ማሸጊያ በፍጹም አታስገቡ!

ለቧንቧው 304 የሚባለው ስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) ይበቃችኋል። ሞሊብዲነም የተጨመረበት 316 ጨው ለሚበዛበት ሥራ ነው፤ ለወተት ብላችሁ ትርፍ ገንዘብ አታውጡ። ስትገዙ 304 መሆኑን ለመለየት በማግኔት ብቻ አትመኑ፤ ኒኬሉ አነስተኛ የሆነው 201 የሚባለው ስቴንለስም ቢሆን በማግኔት አይሳብም። ብየዳው በአርጎን ይሁን፣ ጋዙ በቧንቧው ውስጥም ይለቀቅ፤ አለበለዚያ የውስጡ ስፌት ጠቁሮ ይሻክራል፣ ወተትም ይይዛል። በረኪና ዘፍዝፋችሁ አታሳድሩ፣ ስቴንለሱን ይበሳሳዋል።

በዐቢይ ጾም ገበያው ሲቀዘቅዝና ማሽኑ ሲቆም፣ ቫልቮቹንና ክላምፖቹን ፈትታችሁ አጥባችሁ አድርቁ። ጎማዎቹን ፀሐይ በማይነካቸው ቦታ ለብቻ አስቀምጡ፤ መስመሩን የምትገጥሙት ሥራ በምትጀምሩበት ዋዜማ ነው።