ስትቆም የሚሞቅ ኤሲ

ወንድሜ፣ መኪናዋ ስትሄድ ኤሲው ይቀዘቅዛል፣ መጋላ ሰፈር ባጃጅ መሃል ስትቆም ግን ሙቅ አየር ይነፋል ነው ያልከው። እንግዲያው ጋዝ ለመሙላት አትቸኩል። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የኮንደንሰሩን፣ ማለትም የኤሲው ጋዝ ሙቀቱን የሚያስወጣበትን ክፍል፣ ፋን ነው። ስትነዳ ነፋሱ ኮንደንሰሩን ያቀዘቅዝልሃል። ስትቆም ሥራው ሁሉ ፋኑ ላይ ይወድቃል። በድሬ ፀሐይ ደግሞ ያለ ፋን አይታሰብም።

ሞተሩን አስነሳ፣ ኤሲውን ክፈት፣ ኮፈኑን አንስተህ ፋኑን ተመልከት። እጅህን ብቻ አርቅ፣ ሳታስበው ሊነሳ ይችላል። ካልዞረ ፊውዙን፣ ሪሌውንና የፋኑን ሞተር አስፈትሽ። እየዞረ ከሆነ ከራዲያተሩ ፊት ያለውን ኮንደንሰር እይ። የከተማችን አቧራ ክንፎቹን ይደፍናቸዋል። ሞተሩ ከበረደ በኋላ በቀስታ በውሃ እጠበው። በኃይለኛ ግፊት ካጠብከው ክንፎቹ ይታጠፋሉ።

ጋዝ ሲያንስም ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሲሠራ፣ ይብሳል። ግን አር 134ኤ የሚባለው የኤሲ ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። ካነሰ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ሳይፈትሽ «ልሙላልህ» የሚልህን ጋራዥ እለፈው! ሲሞላም በግምት አይሁን። ብዙ ጊዜ መጠኑ ኮፈኑ ሥር ተለጥፏል፣ ከልክ ሲያልፍም ማቀዝቀዙ ይቀንሳል።

የደንገጎን ዳገት ስትወጣም የሚሞቅ ከሆነ የሞተሩን የሙቀት ጌጅ ተከታተል። ሞተር ከመጠን በላይ ሲግል አንዳንድ መኪኖች የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀውን ኮምፕረሰር ራሳቸው ያጠፉታል። ያኔ ጣጣው የኤሲ ሳይሆን የራዲያተር ሊሆን ይችላል።

ፋኑ ዞረ አልዞረም፣ እሱን አይተህ ጻፍልኝ።