«እንጥሉን ላስቆርጠው ወይስ ሲያድግ ይተወዋል?»

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ልጄ ድምፁ ከሻከረ ዓመት ሊሞላው ነው። ማታ ማታ ጭራሽ ይዘጋል። ሲጫወት ሰፈሩን በጩኸት የሚሞላ ልጅ ነበር፤ አሁን ግን ክፍል ውስጥ አንብብ ሲባል እምቢ እንደሚል መምህርቱ ነገረችኝ። ልጆቹ «ሽማግሌው» ይሉታል አሉ። አማቴ እንጥሉን አስቆርጪው ትላለች፣ ባለቤቴ ደግሞ ሲያድግ ይተወዋል ባይ ነው። ማንን ልስማ?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ እንጥሉን በፍጹም እንዳታስቆርጪው! ድምፅ የሚወጣው ከእንጥል ሳይሆን ከዚያ በታች፣ ማንቁርት ውስጥ ካሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች ነው። እንጥል ማስቆረጥ ለድምፁ ምንም አይፈይድም፤ ደም ፈሷቸው ወይም ቁስሉ አመርቅዞባቸው የሞቱ ልጆች ግን አሉ።

ባለቤትሽ ከእውነት ብዙም አልራቀም። በዚህ ዕድሜ ድምፅ የሚያሻክሩት በአብዛኛው አውታሮቹ ላይ የሚወጡ ትንንሽ እብጠቶች ናቸው። ልጅ ሲጮህ፣ ሲያለቅስ፣ የመኪና ድምፅ ሲያስመስል አውታሮቹ በኃይል እየተጋጩ፣ ዶማ የለመደ እጅ እንደሚደድረው ይደድራሉ። ካንሰር አይደሉም፣ ብዙ ወንዶች ልጆችንም ለአቅመ አዳም ሲደርሱ ይለቋቸዋል። ግን እስከዚያ ስንት ዓመት ክፍል ውስጥ አፉን ዘግቶ ይቀመጥ? እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ድምፃቸው የተጎዳ ልጆችን ራሳቸውን ጠይቆ ነበር፤ እንደሚናደዱ፣ እንደሚያዝኑ፣ ሲያወሩ ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው ተናግረዋል። እኛ ወላጆች «ጎርናና ነው» ብለን የምናልፈው ነገር ለልጁ እጁን ከማውጣት፣ ከመዘመር፣ ከጓደኛ ጋር ከመከራከር የሚያስቀረው ነገር ነው። ስለዚህ ማታ አረፍ ስትሉ ድምፁ ምን እንደሚያስከለክለው ራሱን ጠይቂው።

ከዚያ፣ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ውሰጂው። ከ4 ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መሻከር መታየት አለበት፣ የልጅሽ ደግሞ ዓመት ሊሆነው ነው። ሐኪሙ በአፍንጫው ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ማንቁርቱን ያያል። ይሄ የሚያስፈልገው አንዳንዴ ነገሩ የጩኸት ሳይሆን፣ በቫይረስ የሚመጣና የአየር መተላለፊያውን የሚያጠብ ኪንታሮት ስለሚሆን ነው። ሲተነፍስ ድምፅ ካሰማ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ቀጠሮ አትጠብቂ፣ የዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ይግባ።

እብጠት ብቻ ከሆነ ቢላዋ ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም፤ ዋናው ሕክምና ከንግግር ሕክምና ባለሙያ ጋር የሚሠራ የድምፅ ልምምድ ነው። እናንተም ቤት ውስጥ አግዙት፦ ውኃ ይጠጣ፣ ከሌላ ክፍል ከመጣራት ቀርቦ መናገርን ይልመድ (እናንተም ጭምር!)፣ የቲቪው ድምፅ ይቀነስ። በሹክሹክታ አውራ ግን አትበሉት፣ እሱም አውታሮቹን ሊያስጨንቃቸው ይችላል።

መምህርቱን ደግሞ ፊት ወንበር ላይ እንድታስቀምጠው፣ ለጊዜው ብቻውን ቀርቦ እንዲያነብላት እንድትፈቅድለት ጠይቂያት። ስም ማውጣቱንም ታስቁምልኝ በያት። ለክፍሉ ልጆች ስለ ድምፁ ማስረዳት ከፈለገች ግን መጀመሪያ ልጁን አስፈቅጂው።