ሰኔ 30 ይለፍ እያላችሁ አትቆዩ

ልጆቼ፣

34 ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ሠርቼ በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። ያን ሁሉ ዘመን «ሰኔ 30 ይለፍ እንጂ» እያልኩ ኖርኩ። በጀት ይዘጋና በደንብ እተኛለሁ፤ ኦዲተሮቹ ይሂዱና በእግሬ እንቀሳቀሳለሁ። ሐምሌ ሲገባ አዲሱ በጀት ይመጣል። ምሳዬን እንኳ መዝገብ እያገላበጥኩ ነበር የምበላው።

በ46 ዓመቴ ጉንፋን ይዞኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ግፊቴን ለካችና ዝም አለች። «ትንሽ አረፍ ይበሉ» ብላ ደግማ ለካች። 170 በ105። ራሴን አላመመኝም፣ አላዞረኝም፤ ደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። እባካችሁ፣ ምንም ሳይሰማችሁ ተለኩ።

መድኃኒት ጀመርኩ፤ ጨውም ቀነስኩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። እንቅስቃሴ ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ። ለአምስት የሥራ ቀን ሳካፍለው በቀን 30 ደቂቃ ደረሰኝ።

ቁጥሩን ማወቅ ግን ከወንበር አያስነሳም። ያስነሳኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ማታ ማታ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በእግር እንውጣ አለኝ። ብቻዬን ብሆን በሳምንቱ እተወው ነበር፤ እሱ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ እንዴት ልቅር? መጀመሪያ ሰሞን ዳገቱን ሁለት ቦታ ቆሜ እያለከለክሁ ነበር የምጨርሰው። በኋላ እያወራን እንወጣው ጀመር፤ የልጆቻችንን ነገር፣ የቤት ኪራዩን፣ ለሚስቶቻችን ያልነገርነውን ሁሉ።

ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ሰዎችን ዕድሜ ልካቸውን ሲከታተል የኖረ ጥናት አለው። በእርጅና ጤናና ደስታ ካላቸው ሰዎች ጋር አጥብቆ ተያይዞ የተገኘው ነገር ከሰው ጋር ያላቸው መልካም ግንኙነት ነው። እኔም በራሴ ያየሁት ይህንኑ ነው። በእግር መሄድ ችግርን ሁሉ ይፈታል አልላችሁም፤ ደመወዝ ያልበቃው ሰው በእንቅልፍና በጎመን ብቻ ደስ አይለውም። ነገር ግን ዛሬ ቅዳሴ ቆሜ አስቀድሳለሁ፣ የልጅ ልጄን አዝዬ ደረጃ እወጣለሁ። ለእኔ እርካታ ማለት ይኸው ነው።

ባልደረባዬም ጡረታ ወጥቷል። አሁንም 11 ሰዓት ሲሆን ይደውላል።

«ወጣህ?»

«ጫማዬን እያሰርኩ ነው» እለዋለሁ።