በዳኛ ቆዳ የተሸፈነ ወንበር

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ዳኛ ሆናችሁ የምትሾሙ ሁሉ አንድ ሥዕል ፈልጋችሁ እንድታዩ እፈልጋለሁ። ከምሳ በፊት ባይሆን ይሻላል፤ ከምሳ በኋላም አይመችም።

ሠዓሊው ጄራርድ ዳቪድ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1498 ያጠናቀቀው ሲሆን፣ የተሠራው ዛሬ ቤልጂየም ውስጥ ላለችው ለብሩዥ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ነበር። የከተማዋ ሹሞች ለፍርድ ሲቀመጡ እያዩት እንዲፈርዱ ነው የታሰበው። ታሪኩ የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ የሄሮዶቱስ ነው። የፋርሱ ንጉሥ ካምቢሰስ (ያው “ኢትዮጵያውያን” በተባሉት ላይ ሊዘምት ወጥቶ፣ ስንቅ አልቆበት ተመለሰ የሚባለው) ጉቦ የበላውን ዳኛ ሲሳምኔስን ይቀጣል።

ሥዕሉ ሁለት ሰሌዳ ነው። በግራው ንጉሡ በጣቱ እየቆጠረ ጥፋቱን ይነግረዋል። በቀኙ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ፣ ነፍሱ ሳትወጣ ቆዳው ይገፈፋል። አንዱ ገፋፊ እግሩን ሲገሽልጥ ቢላዋውን በጥርሱ ነክሶ ይዟል። ዙሪያውን የቆሙት ሹማምንት ፊታቸው እንኳ አልተለወጠም።

ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ይቀራል። እናንተ ወደ ግራው ተመለሱ። ከሰዎቹ ጀርባ፣ ራቅ ብሎ፣ አንድ ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ሰው ለዳኛው ከረጢት ያቀብላል። ጉቦው ይሄው ነው። ካላፈላለጋችሁ አታዩትም።

ችሎት ድረስ ደፍሮ የሚመጣ ጥቂት ነው፤ የሚመጣው ቤት ነው። ለበዓል የተላከ በግ ሆኖ ይመጣል። “ጋሼ፣ ለሰላምታ ብቻ ነው” የሚል የአገር ልጅ ሆኖ ይመጣል። በሩ ላይ መልሱት። በጉ አንዴ ግቢ ከገባ ልጆች ስም ያወጡለታል። በማግስቱ ማን እንደመጣ በችሎት ተናገሩ፤ ካስፈለገም ከመዝገቡ ተነሱ። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚል ዘመድ አይጠፋም። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አልቆጨኝም። ጡረታው ትንሽ መሆኑን ግን አልክድም።

ሥዕሉ የማያሳምነኝ ቦታም አለ። ንጉሡ ወንበሩን በአባትዬው ቆዳ ሸፍኖ ልጁን ኦታኔስን ሾመበት። የት እንደተቀመጥክ እያሰብክ ፍረድ አለው። ይህም በቀኙ ሰሌዳ ላይ፣ ከሰዎቹ ጀርባ ራቅ ብሎ ይታያል። ለመሆኑ ይህ ልጅ እንዴት ብሎ ይፈርዳል? “ዋስትና ብፈቅድ በላ ይሉኛል” ብሎ ሕግ የሚፈቅደውን ዋስትና የከለከለ ዳኛ አውቃለሁ። ሳንቲም አልተቀበለም። ተከሳሹ ግን ታስሮ ከረመ። እንዲህ ያለ መዝገብ ሲገጥማችሁ ፍቀዱ፤ ምክንያታችሁንም በትእዛዙ ላይ ዘርዝራችሁ ጻፉ። የጠረጠረ መጥቶ ያንብበው።