ዥንጉርጉሩ ፖቶስ ለምን አረንጓዴ ብቻ ሆነ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩ፤ ፎቶዎቹንም ደጋግሜ አየኋቸው። ከአራት ወር በፊት ከሐረር ወደ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያመጣሽው ፖቶስ የሚባለው ነጭና አረንጓዴ የቤት ውስጥ ሐረግ አሁን የሚያወጣው ቅጠል ሁሉ አረንጓዴ ብቻ ሆኗል። የድሮዎቹ ቅጠሎች ደግሞ ጫፋቸው እየደረቀ ነው። «ፀሐይ ላይ ላውጣው ወይስ ማዳበሪያ ልጨምርለት?» ብለሻል። እባክሽ ሁለቱንም አታድርጊ። እኔ ሁለቱንም አድርጌ ሁለት ፖቶስ አጥቻለሁ። ለዚህ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ።

ከቀለሙ ልጀምር። ነብር ዥንጉርጉርነቱን አይለውጥም ይባላል። ፖቶስ ግን ይለውጣል። የቅጠሉ ነጭ ክፍል ክሎሮፊል የሚባለው አረንጓዴ ነገር ስለሌለው ከብርሃን ምግብ መሥራት አይችልም። አረንጓዴው ክፍል ሠርቶ ነው የሚቀልበው። ቦታው ሲጨልም አረንጓዴ የበዛበት ቡቃያ ይበረታና ነጩን ይቀድመዋል። ስለዚህ አበባሽ አልታመመም፤ ብርሃን አንሶታል።

የድሬ ቤት ደግሞ ጨለማ ነው። ሙቀት እንዳይገባ ብለን ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ወፍራም መጋረጃ እንዘጋለን። ሳሎኑ ለእኛ ቀዝቀዝ ይላል፣ ለእሱ ግን ጓዳ ይሆንበታል። «ፖቶስ ጨለማ ይችላል» የሚሉሽ ሰዎች አልተሳሳቱም፤ ሙሉ አረንጓዴው ይችላል። ዥንጉርጉሩ ግን በሕይወት ይቆያል እንጂ ነጩን ይዞ አይቆይም።

አሁን «እንግዲያው ፀሐይ ይሻለዋል» ትዪ ይሆናል። የመጀመሪያው ፖቶሴ የሞተው እንደዚህ ብዬ ነው። እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ስንኖር በረንዳችን ወደ ምዕራብ ነበር የሚያየው። ጠዋት ጥላ ስለነበረ ደህና ቦታ መስሎኝ ሰቅዬው ወጣሁ። ወሩ ግንቦት ነበር። ማታ ስመለስ ነጩ ነጩ ቦታ ብቻ ተለይቶ እንደ ሻይ ቅጠል ቡናማ ሆኗል። አንዱን ቅጠል በጣቶቼ ያዝ ሳደርገው ነጩ ክፍል ፍርክስክስ ብሎ ወደቀ፤ አረንጓዴው እጄ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግንዱ ድረስ ደረቀ።

የሚፈልገው ብዙ ብርሃንና ትንሽ ፀሐይ ነው። አሁን ያለው ወደ ምሥራቅ በሚያየው በረንዳዬ፣ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ነው። የጠዋት ፀሐይ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ ያገኘዋል፣ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ደማቅ ጥላ ነው። በረንዳ ከሌለሽ ከመስኮት አንድ ሜትር ያህል አርቀሽ፣ ስስ መጋረጃ ጀርባ አድርጊው። እኩለ ቀን ላይ እጅሽን በመስኮቱና በአበባው መሃል ዘርጊ። ጥላሽ ደብዘዝ ብሎ ከታየ ቦታው ጥሩ ነው። ምንም ጥላ ከሌለ ጨለማ ነው። ጠርዙ የተቆረጠ የሚመስል ጥቁር ጥላ ካየሽ ደግሞ ያቃጥለዋል።

አረንጓዴ የሆነው ቅጠል ራሱ ተመልሶ ነጭ አይሆንም። መቁረጥ አለብሽ። ሐረጉን በጣትሽ እየተከተልሽ ወደ ኋላ ሂጂ፣ የመጨረሻው ዥንጉርጉር ቅጠል ጋ ስትደርሺ ቁሚ። ቅጠሉ ከግንዱ የሚወጣበት ቦታ ላይ እብጥ ያለ ነገር አለ፤ አንጓው እሱ ነው። ግንዱንም አገላብጠሽ እዪው። ነጭ መስመር አንጓው ድረስ ከመጣ ከዚያ የሚወጣው ቡቃያ ነጭ ይዞ የመውጣት ዕድሉ ትልቅ ነው። ግንዱ ጥርት ያለ አረንጓዴ ከሆነ አንድ አንጓ ወደ ኋላ ተመለሺ። ከአንጓው አንድ ጣት ያህል አለፍ ብለሽ በንጹሕ መቀስ ቁረጪ። ልብሽ እንደማይጨክን አውቃለሁ፣ እኔም አንድ ሜትር የሚሆን ሐረግ ስቆርጥ እጄ ከብዶኝ ነበር። ግን ከተቆረጠው ጎን ሦስት ቡቃያ ወጣ፣ ሁለቱ ነጭ ነበራቸው።

የቆረጥሽውን አትጣይው። ቢያንስ አንድ አንጓ ውሃ ውስጥ እንዲገባ አድርገሽ ብርጭቆ ውስጥ አቁሚው፣ ውሃውን በየሦስት ቀኑ ቀይሪ። አረንጓዴ ቢሆንም ለጨለማው ሳሎንሽ ይሆናል።

ውሃ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አሁን ያለኝን ፖቶስ የሰጡኝ አማቴ ናቸው፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው የሚኖሩት። ቁራጩን በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለው ፌስታል ውስጥ እየከተቱ፣ «ድሬ ሙቀት ነው ብለሽ በየቀኑ እንዳታጠጪው፤ ጣትሽን አስገቢና እዪ» አሉኝ። እኔ ደግሞ በሙቀቱ የተጠማ እየመሰለኝ ጠዋት ማታ ሳጠጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሐረር ከባሕር ወለል ወደ 1,900 ሜትር ከፍ ትላለች፣ ድሬ 1,200 ገደማ ናት፤ ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች፣ እኛ ጋ የአፈሩ ላይ ቶሎ ይደርቃል። ላዩ ደርቆ ሥሩ ግን ጭቃ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው መገጣጠሚያ አስገቢ። እርጥበት ከተሰማሽ ተዪው። ደረቅ ከሆነ ከሥር እስኪወርድ አጠጪና ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፊ። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ውሃ በዝቷል። ቅጠሉ ልፍስፍስ ብሎ ማሰሮው ከቀለለሽ ተጠምቷል።

ሌላው የውሃችን ኖራ ነው። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር አበባሽ አፈር ላይም ይጋገራል። በፎቶሽ ላይ የማሰሮው ጠርዝ ነጭ ሆኗል፣ የቅጠሉ ጫፍ መድረቅም አንዱ ምክንያት እሱ ይመስለኛል። ውሃውን በባልዲ ማሳደር ኖራውን አያወጣውም። አፍልተሽ አቀዝቅዘሽ፣ ከታች የዘቀጠውን ትተሽ ብታጠጪ ይቀንሳል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ሲዘንብ ከቆርቆሮ የሚወርደውን አጠራቅሚለት፤ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን አጥቦ ይሂድና ቀጥሎ ያለውን ያዢ። አበባው በዝናብ ውሃ ሲያድግ ልዩነቱን በዓይንሽ ታዪዋለሽ።

ማዳበሪያውን ለጊዜው እርሺው። ሁለተኛው ፖቶሴን የገደልኩት ለእርሻ የሚሆን ዩሪያ አንድ ማንኪያ ጨምሬበት ነው፤ ሥሩ ተቃጠለ። የቡና ዝቃጭም አትድፊበት። ላዩ ላይ ተጋግሮ ይሻግታል፣ ትንንሽ ዝንብም ያመጣል።

ሰቅለሽ የምታስቀምጪው ከሆነ ከፍ አድርጊው። ቅጠሉ ሲታኘክ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ያሳብጣል። ትንሽ ልጅ፣ ድመት ወይም የጎረቤት ፍየል ካለሽ የቆረጥሽውንም ቢሆን ደጅ አትጣይው።

ዛሬ ቦታውን ብቻ ቀይሪ። ብርሃኑን እስኪለምድ ሁለት ሳምንት ታገሺውና ከዚያ በኋላ ቁረጪ። ከመቁረጥሽ በፊት የግንዱን ፎቶ በቅርብ አንስተሽ ላኪልኝ፤ የትኛው አንጓ ጋ መቁረጥ እንዳለብሽ አብረን እናያለን።