ለመጀመሪያ ጊዜ ቶኪዮ ውስጥ ራመን ቤት ለሚገባ ሰው

ውድ እህታችን፣ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ቶኪዮ እንደገቡ፣ ካረፉበት ሆቴል አጠገብ ሰልፍ የማይለየው ትንሽ ራመን (በትኩስ መረቅ የሚቀርብ ፓስታ መሰል ኑድል) ቤት እንዳለ፣ ቋንቋውንም ሥርዓቱንም ስለማያውቁ ለመግባት እንደፈሩ፣ የአሳማ ሥጋም እንደማይበሉ ገልጸው ምክር ጠይቀዋል። እኔ ለትምህርት መጥቼ በዚህች ከተማ ሦስት ዓመት ያህል ስለኖርኩና በመጀመሪያዎቹ ወራት ያው ፍርሃት ስለነበረብኝ፣ ያየሁትን በዝርዝር ልጻፍልዎ።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው የአሳማውን ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ላዩ ላይ የሚደረደረውን ሥጋ ካስቀረ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። የራመን ዋናው ነገር ግን መረቁ ነው። ከደቡብ ጃፓኗ ፉኩኦካ የመጣው ቶንኮትሱ የሚባለው ነጭ መረቅ፣ የአሳማ አጥንት ለብዙ ሰዓታት ተንተክትኮ ቅልጥሙ እስኪሟሟ ድረስ የሚቀቀል ነው። ሰሜናዊቷ ሳፖሮ የታወቀችበት፣ በተብላላ አኩሪ አተር ሊጥ የሚጣፍጠው ሚሶም ሆነ በአኩሪ አተር ሶስ የሚጣፍጠው ሾዩ፣ ስማቸው ስለ ማጣፈጫው እንጂ ስለ አጥንቱ ምንም አይነግርም፤ ብዙውን ጊዜም አሳማና ዶሮ አንድ ላይ ተቀቅሎባቸው ይሠራሉ። ቻሹ የሚባለው ከላይ የሚቀመጠው ሥጋም በአብዛኛው አሳማ ነው። ቶሪ ፓይታን የሚባል፣ ከዶሮ አጥንት የሚወጣ ወፍራም መረቅ የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ፤ ሆኖም እዚያም ቢሆን ማጣፈጫው ወይም ለመዓዛ ጠብ የሚደረገው ዘይት የአሳማ ጮማ ሊኖርበት ስለሚችል፣ «የዶሮ ነው» የሚለው መልስ ብቻውን ልብዎን ሊያሳርፈው አይገባም።

ስለዚህ የምግቡን ትኬት ከመግዛትዎ፣ ከተቻለም ከመሰለፍዎ በፊት ይጠይቁ። «ቡታ ዋ ታቤራሬማሴን» ማለት «አሳማ መብላት አልችልም» ማለት ነው። ከዚህ ይበልጥ የሚሻለው ግን «መረቁ፣ ሶሱና ዘይቱ ውስጥ አሳማ አለበት ወይ?» የሚለውን በስልክዎ ወደ ጃፓንኛ አስተርጉመው ማሳየት ነው። መልሱ «አለበት» ከሆነ አመስግነው ይመለሱ። መረቁ ገና ከንጋቱ የተጣደ አንድ ድስት ስለሆነ ለአንድ ሰው ተብሎ የሚቀየርበት መንገድ የለም፤ ሠራተኛው እምቢ ያለዎት ከክፋት አይምሰልዎ።

ረቡዕና ዓርብን የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ ቲስ ታንታን የሚባል ቤት ቶኪዮ ጣቢያ ውስጥ፣ ወደ ኬይዮ የባቡር መስመር በሚወስደው መተላለፊያ ላይ ያገኛሉ። ሥጋም፣ እንቁላልም፣ የወተት ተዋጽኦም የሌለበት፣ በሰሊጥና በአኩሪ አተር የወፈረ ራመን ያቀርባሉ። የሚገኘው የባቡር ትኬት መቆጣጠሪያው በር ታልፎ ውስጥ ስለሆነ፣ ለባቡር ጉዞ በሚገቡበት ቀን ቢያደርጉት ይመቻል። ለሙስሊም እህቶቻችንና ወንድሞቻችን በአሳኩሳና በሺንጁኩ አካባቢ ሐላል ራመን የሚሠሩ ቤቶች አሉ፤ የእርዱ ነገር የሚያሳስበው ክርስቲያን ግን የጾሙ ራመን ይሻለዋል እላለሁ።

ወደ ሰልፉ ልመለስ። እንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙውን ጊዜ ስምንት ወይም አሥር ወንበር በአንድ ባንኮኒ ዙሪያ የተደረደረባቸው ናቸው፤ አንድ ሰው አሥር ደቂቃ ቢያዘገይ ውጭ የቆሙት ሁሉ ይዘገያሉ። ሥርዓቱ በሙሉ ከዚህ የመጣ መሆኑን ካወቁ የሚያስፈራ ነገር አይኖረውም። የምሳው ግፊያ በእኛ አቆጣጠር ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ስለሆነ፣ 8 ሰዓት አካባቢ ቢሄዱ ሰልፉ ያጥራል፤ ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ይዘጋሉ፣ መረቁ ካለቀም ከሰዓቱ በፊት በራቸውን ይዘጋሉ። ከጓደኛዎ ጋር ከሆኑ አብራችሁ ተሰለፉ፤ አንዱ ቦታ ይዞ ሌላው በኋላ መቀላቀሉ በብዙ ቤቶች የተከለከለ ነው። አንዳንዱ ቤት መጀመሪያ ገብተው ትኬት ገዝተው ከዚያ እንዲሰለፉ ይፈልጋል፣ ሌላው ደግሞ ተራዎ ሲደርስ ነው የሚያስገዛዎት፤ ከፊትዎ ያለው ሰው የሚያደርገውን አይተው ያንኑ ያድርጉ።

ትኬቱ የሚገዛው በር አጠገብ ከቆመ ማሽን ነው፤ የከበደኝም እርሱ ነበር። መጀመሪያ ገንዘብ ያስገባሉ፤ ያን ጊዜ ባስገቡት ገንዘብ መግዛት የሚችሉት ቁልፍ ሁሉ ይበራል፤ ይጫኑታል፤ ትኬቱ ይወድቃል፤ መልሱ ራሱ ካልወጣ እጀታውን ወይም ቁልፉን ነክተው ይወስዳሉ። ከላይ በስተግራ ያለው ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ የሚታወቅበት ምግብ ነው። አንድ ሳህን 1,000 የን ገደማ ይሆናል፤ ጃፓኖች «የሺህ የን ግድግዳ» የሚሉት ዋጋ ነው፣ ነጋዴው ከዚያ ላለማለፍ ለብዙ ዓመታት ሲታገል ኖሯል፣ አሁን ግን ብዙዎች አልፈውታል። እኔ በመጀመሪያው ቀን የያዝኩት የ10,000 የን ኖት ነበር። ማሽኑ ይጎትተዋል፣ ይተፋዋል፣ እኔም ገልብጬ መልሼ አስገባለሁ፤ ከኋላዬ አምስት ሰዎች ነበሩ፣ አንዳቸውም ድምፅ አላሰሙም፣ ዝምታው ግን ጆሮዬን አጋለው። በመጨረሻ ወጣቱ አስተናጋጅ ከባንኮኒው ጀርባ እጁን እየጠረገ ወጥቶ ዘረዘረልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁልጊዜ የ1,000 የን ኖቶች ይዤ ነው የምወጣው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 አዳዲስ ኖቶች ስለወጡ፣ ያልታደሰ አሮጌ ማሽን አዲሱን የማይቀበልበት ጊዜ አለና ከሁለቱም ዓይነት ቢይዙ መልካም ነው። በካርድ ብቻ መተማመን አይበጅም።

ወንበርዎ ላይ ሲቀመጡ ትኬቱን ባንኮኒው ላይ ያኖራሉ። ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ራስዎ ነው የሚቀዱት። እስኪደርስ ድረስ ምግብ ሠሪውን ይመልከቱት፤ እኔ ከምግቡ እኩል የምወደው ይህን ነው። ኑድሉን ከፈላው ውኃ በረጅም ወንፊት ያወጣና ክንዱን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ከእጁ አንጓ ብቻ፣ ሁለቴ ሦስቴ ወደ ታች ይሰብቀዋል፤ ውኃው ወለሉ ላይ ጠብ ሲል ይሰማል። ያ ውኃ ካልተራገፈ መረቁን ያቀጥነዋል። ሳህኑ ሲመጣ ፎቶ ካነሡ አንድ ብቻ አንሥተው ይጀምሩ፤ ኑድሉ በትኩስ መረቅ ውስጥ እየላሸ ስለሚሄድ ቶሎ መብላት ለሠሪውም ክብር ነው። አገር ቤት ኢንዶሚ እያልን ከምንበላው ጋር ፈጽሞ አይገናኝም።

ሰዎች ኑድሉን ሲበሉ ስለሚያሰሙት የመሳብ ድምፅም ጠይቀዋል። እኛ ዘንድ ምግብ በድምፅ መሳብ ነውር ተብሎ ስላደግን፣ አጠገብዎ ያለው ሰው ሲስብ መጀመሪያ ይከብድዎታል። እዚህ ነውር አይደለም፤ ሲሳብ ትኩሱ ይበርዳል፣ መዓዛውም ወደ አፍንጫ ይወጣል። እርስዎ ግን ድምፅ የማሰማት ግዴታ የለብዎትም፤ በዝግታ ቢበሉም ማንም አያይዎትም። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ለየብቻው መብላቱ፣ ከአንድ ትሪ አብሮ መቁረስ ለለመድን ለእኛ ቅር የሚያሰኝ ነው፤ እኔ እስካሁን አልለመድኩትም። ለሁለት አንድ ሳህን ማዘዝ ግን አይቻልም፤ በየሰው አንድ ነው። መረቁን ጨርሶ መጠጣትም ግዴታ አይደለም፤ ጨዋማ ስለሆነ ብዙ ጃፓኖችም ያስተርፋሉ።

ሲጨርሱ ሳህኑን ከፍ ወዳለው የባንኮኒው ጠርዝ ያንሡት፣ እርጥብ ጨርቅ ካለ ፊት ለፊትዎን ጠረግ ያድርጉ፣ «ጎቺሶሳማ ዴሽታ» (ስለ ምግቡ አመሰግናለሁ እንደ ማለት ነው) ብለው ይውጡ። ጉርሻ አይሰጥም፤ ቢተዉትም ረሱት ብለው ይዘውት ይከተሉዎታል። ተቀምጦ ማውራት ከፈለጉ ወጥተው ቡና ቤት ይሂዱ።

የዚያን ቤት የማሽኑን ቁልፎችና በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንሥተው እዚህ ቢያስቀምጡልን፣ መረቁ በምን እንደተሠራ ተጽፎ ከሆነ ዛሬ ማታ አንብቤ እነግርዎታለሁ።